የረቡዕና የሐሙስ ሰማያዊ

ቱቦው እሳቱ ላይ ከተያዘ ብዙም አልቆየም። ሰማያዊው ፈሳሽ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያም ዘርፉ በልቧ «በቃ፣ እዚህ ላይ ቁም» እያለች ስትለምነው እንደ ጡብ ቀላ።

«ቀይ ነው አይደል?» አለች ጉዲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። ሳታየው ነው የጠየቀችው።

«ቀይ ነው።»

«እማዬን አትጥሪያት። ትንሽ ቆዪ።»

መቆየት ግን አልተቻለም፤ እናታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ ቁጭ ብለው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና እርሳሱን በምላሳቸው ነካ አድርገው «ማክሰኞ ቀይ» ብለው ጻፉ። ከዛሬ በኋላ እስከ ቅዳሜ አንዲት ቀይ ቢያዩ ሻሸመኔ መሄድ የሚባል ነገር እንደሌለ ተናገሩና መርፌውን ለማዘጋጀት ወደ ጓዳ ገቡ። ወይዘሮ አሰፋሽ አንድ ነገር ሁለቴ የሚናገሩ ሴት አልነበሩም።

ዘርፉና ጉዲቱ መንታ ናቸው፤ ዕድሜያቸው አሥራ አምስት። ዘርፉ የሚለውን ስም እናት አወጡ፣ ጉዲቱ የሚለውን ደግሞ አባት። አቶ ኢተፋ ቀድማ የወጣችውን ልጃቸውን በኦሮምኛ «ትልቋ» ብለው ነው የሰየሟት፤ የምትበልጠው በስድስት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ ጉዲቱ እነዚያን ስድስት ደቂቃዎች እንደ ስድስት ዓመት ነበር የምትቆጥራቸው። ናዝሬት ከተማ ውስጥ ከእናትና ከአባታቸው በቀር ሁለቱን በትክክል የሚለይ አልነበረም። ይህንንም ሳይጠቀሙበት አልቀሩም። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትተካታለች። ጉዲቱ የዘርፉን የስፖርት ፈተና ሮጣላታለች፤ ዘርፉ የጉዲቱን የሒሳብ ፈተና ሠርታላታለች። ስፖርቱ ላይ ዘርፉ በአንድ ቀን እንዲያ ፈጣን መሆኗ መምህሩን ቢያስገርማቸውም፣ «ጎበዝ» ከማለት በቀር ምንም አላሉ።

ሁለቱን የማያምታታ አንድ ነገር ግን መጣ። ካቻምና ክረምት ላይ ጉዲቱ ውሃ አልጠግብ አለች። ባልዲ ሙሉ ብትጠጣ ከንፈሯ ደርቆ ያድራል፤ በአንድ ወር ውስጥ ቀሚሷ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ሆስፒታል ወሰዷት፤ የስኳር በሽታ ነው ተባለ። ዘርፉም ተመረመረች፤ እሷ ደህና ነበረች።

ሰፈሩ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። አቶ ኢተፋ የሚሠሩት ወንጂ ነው፣ ስኳር ፋብሪካው ወፍጮ ላይ፤ ሳምንቱን ካምፕ ውስጥ ሰንብተው ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌታቸው ይመጣሉ። ሲመጡም ከኋላቸው ሁለት ሦስት ረዣዥም አገዳ ሳያስሩ መጥተው አያውቁም ነበር። እንግዲህ የወንጂ ሠራተኛ ልጅ ስኳር ካልያዛት ማንን ይይዛል? ጎረቤቱ ሁሉ «በልታ በልታ ነው» አለ። አቶ ኢተፋ አገዳ ማምጣቱን ተዉት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሻይ ሲጠጡ ስኳር አይጨምሩም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ለምጄዋለሁ» ይላሉ።

ቤቱም አዲስ ሥርዓት ያዘ። ጉዲቱ የምትወጋው ኢንሱሊን የናዝሬትን ሙቀት ስለማይችል እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ገንቦ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ማርጠብ፣ የመስታወቱን መርፌ መቀቀል፣ ሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ ላይ የጉዲቱን ሽንት ስምንት ጠብታ ጠብ አድርጎ በላምባ ምድጃ ላይ ማፍላት የዘርፉ ሥራ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ሽንቱ ውስጥ ስኳር የለም፤ ከቀላ ሞልቷል ማለት ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ፀሐይቱ እንዳስተማረቻቸው፣ ሲቀላ ወይዘሮ አሰፋሽ ኢንሱሊኑን በመርፌው ላይ ሁለት መስመር ይጨምራሉ፤ ሰማያዊ ሲሆን ሁለት መስመር ይቀንሳሉ።

ዘርፉ አንድ ነገር ብቻ አትችልም፤ መርፌው ሲወጋ ማየት። ሲስተር ፀሐይቱ ሁሉንም በብርቱካን ላይ ስታለማምዳቸው ዘርፉ ብርቱካኑን ጥላ ግቢው ውስጥ ነው የተገኘችው። እናቷ መርፌውን ሲያነሱ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጉዲቱ «አንቺ ፈሪ» ትላታለች፤ የምትወጋው እሷ ሆና ሳለ።

ደብተሩ የእናታቸው ኩራት ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የምስክር ወረቀታቸውም ግድግዳው ላይ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። በሕይወታቸው የሞሉት የመጀመሪያ ደብተር የልጃቸው የሽንት ቀለም መሆኑ አንዳንዴ ያስቃቸዋል። ቢሆንም እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጥልፍ ነው የሚጽፉት።

የዚያን ማክሰኞ መንትዮቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጉዲቱ የባቡር ሐዲዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቅዳሜ የወጣት ማኅበሩ የኪነት ቡድን ሻሸመኔ ሄዶ ይወዳደራል፤ ሁለት ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት። ከታመመች ወዲህ ሰው በሽታዋን ረስቶ የሚያያት መድረክ ላይ ስትቆም ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር አመጣች።

«ያንቺን ስጪኝ።»

«ምኔን?»

«ሽንትሽን ነዋ፤ ምን ፋራ ነሽ? ቱቦው ዘርፉ ትሁን ጉዲቱ አይጠይቅም። ለአራት ጠዋት ብቻ።»

ዘርፉ እምቢ ማለት ነበረባት፤ ልቧም ያውቀዋል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ዘርፉ ጣፋጭ አትወድም። ከቦኖ ውሃ መቅዳት ደግሞ ከዚያ የባሰ አትወድም። ስለዚህ ጉዲቱ ከመታመሟ በፊት ትከሻዬን ያመኛል እያለች ተራዋን ለጉዲቱ ትሰጣት ነበር፤ በልዋጩም ከሱቁ የሚመጣውን የስኳር ድርሻዋንና አባቷ የሚያመጡላትን አገዳ በሙሉ ታስረክባታለች። ጉዲቱ የሁለት ሰው አገዳ ስትመጥ ዘርፉ አጠገቧ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ሰፈሩ «በልታ በልታ ነው» ሲል ዘርፉ ከሰው ፊት የምትሸሸው ለዚህ ነው። እህቷን ያሳመመቻት እሷ ናት። ይህን ያደረገች እህት አራት ጠዋት ብትለመን ምን ብላ እምቢ ትላለች?

«እሺ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ቱቦው ፈላ፣ ተንተከተከ፣ ሰማያዊነቱን ግን አልለቀቀም። ወይዘሮ አሰፋሽ አይተው፣ ቱቦውን እንደያዙ የጉዲቱን ግንባር ሳሙ። «ረቡዕ ሰማያዊ» ብለው ጻፉ። የ«ማ»ዋን እግር ለብቻዋ ደገሟት፣ እንድታምር። መድኃኒቱን ሁለት መስመር ቀነሱ።

ሐሙስም ሰማያዊ ሆነ፤ እንደገና ሁለት መስመር ተቀነሰ። ወይዘሮ አሰፋሽ የጉዲቱን የመድረክ ቀሚስ አጥበው ሽቦው ላይ አሰጡት። በመንገድ ላይ ጉዲቱ የዘርፉን ክንድ ይዛ እየሳቀች፣ እኔና አንቺ አንድ ሰው ነን፣ ያንቺ ሰማያዊ የኔ ሰማያዊ ነው አለቻት። ዘርፉ መሳቅ አቃታት። ክንዷን የያዘው እጅ ደረቅና ትኩስ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ጉዲቱ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቃ ከክፍል ወደ ቧንቧው ውሃ ልትጠጣ ወጣች። በዕረፍት ሰዓት ልምምድ ላይ ደግሞ ከፍ የሚለው ግጥም ጋ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። አቧራ ነው ብላ አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ ባዮሎጂ ነበራቸው። መምህራቸው ሙሉብርሃን ቀጭን፣ ጠመኔያቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ የሚረሱ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገሩ ሲጥማቸው ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ ያን ቀን ገና ከመጀመሪያው ገቡ። ትምህርቱ ስለ ዘር ውርስ ስለነበር መንትዮቹን ወደ ፊት ጠሯቸው። አንድ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ የወጡ ናቸው፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ነው እያሉ አስረዱ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ጉዲቱም እንደ መድረክ ሰው እጅ ነሳች።

ከኋላ ገመቹ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ገመቹ ያልገባውን የሚጠይቅ ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ጽሑፉ አንድ ከሆነ ታዲያ ለምን አንዷ ብቻ ታመመች?»

ዘርፉ ፊቷ ጋለ፤ መልሱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለምና።

«አላውቅም» አሉ መምህሩ። «ይህን መጽሐፍ የጻፈውም አያውቅም። የማውቀውን ልንገራችሁ። በእያንዳንዷ ሴላችን ውስጥ ሙሉው መጽሐፍ አለ። ዓይናችን ውስጥ የጉበት ገጽ አለ፤ ግን ዓይን ጉበት አይሆንም። አንድ ነገር ‹ይህን ገጽ አታንብብ፣ ዝም በል› ይለዋል ማለት ነው። በባክቴሪያ ላይ ዝም የሚያሰኘውን ተመራማሪዎች አግኝተውታል። በሰው ላይ ገና ነው። ያ ዝም አሰኚ ሲሳሳትስ? ዝም ማለት ያለበት ገጽ ሲነበብ፣ መነበብ ያለበት ዝም ሲልስ? ምናልባት ብዙ በሽታ ከዚያ ይመጣ ይሆናል። ምናልባትም በጣም ትንሽ፣ እስከ ዛሬ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ነገር ይሆናል። እኔ ካልደረስኩበት ከእናንተ አንዱ ይድረስበት።»

ደወሉ ሲደወል ጉዲቱ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ዘርፉ ግን ሁሉም እስኪወጣ ደብተሯን ስታስተካክል ቆየች።

«ቲቸር» አለች። «አንድ ሰው ለሌላ ሰው ስኳር እየሰጠ… ብዙ ስኳር… ሊያሳምመው ይችላል? እንደ እህቴ?»

መምህሩ አላዩዋትም፤ ሰሌዳውን እያጠፉ ነበር የመለሱላት።

«እኔ የወንጂ ካምፕ ልጅ ነኝ» አሉ። «አገዳ ከጫነው ጋሪ ኋላ ስንሮጥ ነው ያደግነው። ጥርሳችን እስኪያልቅ መጠናል። በሽታው በዚያ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከካምፓችን አንድ ልጅ ባልተረፈ ነበር።» ማጥፊያውን አስቀመጡ። «ልጆችን የሚይዘው ይሄኛው ዓይነት፣ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ የሰውነት ጠባቂ ተሳስቶ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ ነው። ከበሽታው በኋላ ስኳር ይጎዳታል። በሽታውን ግን ያመጣባት ስኳር አይደለም። ማንም አይደለም።»

ዘርፉ ጥርሷን ነክሳ አመሰገነቻቸውና ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ አለቀሰች። ሁለት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከመቅለሉ የተነሣ እግሯ መሬት የሚነካ አልመስላት አለ። ቅዳሜ አባቷ ሲመጡ ይህን እንደምትነግራቸው፣ ሻያቸውንም በሁለት ማንኪያ ስኳር እንደምታቀርብላቸው አሰበች።

ቤት ስትደርስ ጉዲቱ በልብሷ እንዳለች አልጋው ላይ ተኝታለች። አጠገቧ ያለው የውሃ ጣሳ ባዶ ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ልክ እንደዚያ ክረምት። ዘርፉ ቆማ አየቻት። በሽታውን ያመጣችው እሷ አይደለችም። የረቡዕንና የሐሙስን ሰማያዊ ያመጣችው ግን እሷ ናት። የተቀነሰውም መድኃኒት በእሷ ነው። ይህን መምህር ሙሉብርሃን ሊያወርዱላት አይችሉም።

አርብ ጠዋት ጉዲቱ እንደ ልማዷ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋችላት። ዘርፉ አልተቀበለችም።

«ዛሬ ያንቺን» አለቻት።

ጉዲቱ የምትቀልድ መሰላት። አለመቀለዷን ስታውቅ ለመነቻት፤ የቀረው ዛሬና ነገ ብቻ ነው አለች። ልመናው አልያዝ ሲል ተናደደች።

«ላንቺ ቀላል ነው። ጤነኛዋ አንቺ ነሽ።»

ቃሉ ዘርፉን ወጋት። ከአፏ እንዲወጣ ያላሰበችው ነገር ተከትሎ ወጣ፤ አገዳውን፣ ስኳሩን፣ የውሸቱን የትከሻ ሕመም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ እያለች መኖሯን ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያም መምህሩ ያሏትን ነገረቻት። ጉዲቱ አፏን ከፍታ ሰማቻት፤ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ትከሻሽን እንደማያምሽማ አውቅ ነበር» አለች። «ቦኖው ጋ ያለውን ውሻ ትፈሪ ነበር። ውሃውን ለስኳሩ ብዬ የቀዳሁልሽ መሰለሽ? ባትሰጪኝም እቀዳልሽ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አገዳው ይቀርብኝ ነበራ።»

ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ጉዲቱ ብርጭቆውን ይዛ ተነሣች። ስትነሣ ግድግዳውን መደገፍ ነበረባት፤ ዘርፉ ክንዷን ያዘቻትና እስከ በሩ ሸኘቻት።

ቱቦው አረንጓዴውንም ቢጫውንም የዘለለ እስኪመስል ቶሎ ቀላ። ወይዘሮ አሰፋሽ አዩት። እርሳሱን በምላሳቸው ነክተው ሊጽፉ ሲሉ ዘርፉ እጃቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ረቡዕና ሐሙስ የጻፍሽው የጉዲቱ አይደለም። የኔ ነው።»

የወይዘሮ አሰፋሽ ዓይን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ጉዲቱ ከንፈር፣ ከዚያ ወደ መርፌው። «ሁለት ቀን ሙሉ ቀነስኩባት» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ዘርፉ ጥፊ ጠበቀች። ጥፊ ቢመጣ ይሻላት ነበር። እናቷ ግን ወደ ደብተሩ አጎንብሰው፣ የሁለቱን ቀን ጽሑፍ ሳይሰርዙ፣ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ቃል ጨመሩ፤ «የዘርፉ። የዘርፉ።» ከሥሩ «አርብ ቀይ» ብለው ጻፉና ደብተሩን ዘጉ።

ከመርፌው በኋላ በቀጥታ ወደ ሲስተር ፀሐይቱ እንደሚሄዱ፣ ስለ ሻሸመኔ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል መስማት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ጉዲቱ አንገቷን ደፋች። የታጠበው ቀሚስ በመስኮቱ ይታያል፤ ንፋሱ እጅጌውን እያነሣ ያወርደዋል።

«ጤና ጣቢያ አንቺም ትመጫለሽ?» ብላ ጠየቀች ዘርፉን።

«እመጣለሁ።»

ወይዘሮ አሰፋሽ ብልቃጡን ከገንቦዋ አውጥተው መድኃኒቱን ቀዱ፤ የተቀነሰውን መለሱበት፣ ሁለት መስመርም ጨመሩ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ሲያነሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘርፉ አየችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም።

ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ሲስተር ፀሐይቱ እንዳሳየቻቸው እስከ ክርኗ። ከዚያ መጥታ ከእናቷ ፊት ቆመችና መዳፏን ዘረጋች።

«ዛሬ እኔ ልውጋት» አለች።

ወይዘሮ አሰፋሽ አዩዋት። መርፌውን መዳፏ ላይ አኖሩት፤ ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር። ጉዲቱ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«አይዞሽ» አለቻት እህቷን። «አያምም።»

ዘርፉ የጉዲቱን ክንድ ያዘች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም።